ለጥምቀት የወጣው ጌጥ ሣጥን አይመለስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ! እዚህ ደብረ ማርቆስ ላላችሁት፣ ባሕር ዳርና ሞጣ፣ ቢቸናና ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ዳንግላ ላላችሁት፣ በየሰው አገር ሆናችሁ በዓሉን በስልክ ለምትከታተሉትም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቼና ጓደኞቼም ይህን መልእክት እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ያለፉት ዓመታት ለጎጃም ቀላል አልነበሩም። በዓልን በሐዘን የተቀበለው ቤት ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ስለ ልብስና ስለ ጌጥ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አልቀየመውም። እኔ ግን ሰው ቀን ሲከፋበትም ፀጉሩን ሲሠራ፣ ነጠላውን አጥቦ ሲያሰጣ፣ የልጁን ማተብ ሲያጠብቅ አያለሁ። ይህን ደስታ ትንሽ ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ብዙ ሰው ያቆመው እሱ ነውና።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልን አድገናል። ተረቱን እወደዋለሁ። ያለንን መልካም ነገር ሁሉ ታቦት ለሚወጣበት ቀን ማቆየት ደግ ልማድ ነው። ዘንድሮ ግን ለራሴም ለእናንተም የምለው አንድ ነገር አለኝ፦ ለጥምቀት የወጣው ቀሚስ፣ የወጣው መስቀል፣ የወጣው አምባር ከቃና ዘገሊላ ማግስት ተመልሶ ሣጥን አይግባ። የእጅ ሥራ ደስታው በአዘቦት ቀን ነው። ሥራ ቦታ፣ ገበያ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት።

ከከተራ በፊት ያለውን ሳምንት ታውቁታላችሁ። እንዶዱ ተወቅጦ አረፋው ሲነሣ ግቢው ሁሉ በእንዶዱ ሽታ ይሞላል። ነጠላውና ጋቢው በሱ ታጥቦ አጥር ላይ ሲሰጣ፣ በረኪና ክሩን የበላው ነጠላና በእንዶድ የኖረው ነጠላ ከሩቅ ይለያሉ። ማታ ልጃገረዶቹ ተሰብስበው እንሶስላ ይሞቃሉ፤ ሥሩ ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ይታሰርና ጠዋት ሲፈታ መዳፉ ቀልቶ ይወጣል። ሹሩባው ይሠራል፣ ኩሉ ይኳላል። ገጠር ስትሄዱ ደግሞ የወጣቱ አረንጓዴ ቁምጣ በገበያ ልብስ ሰፊ እጅ በየቀለሙ ክር ተጠልፎ፣ ሽመሉ በቅቤ ታሽቶ ይጠብቃችኋል። ያንን ጥልፍ የሚሠራው ሰው ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ ያለ አንዳች ንድፍ፣ በእጁ ብቻ ጨርቁን እያዞረ ነው የሚያስኬደው። ቆማችሁ አይታችሁት ካላወቃችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ እዩት።

በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን አንገት ላይ ያለውን ንቅሳትም አትርሱ። አንገቱን የከበበው በመስመር በመስመር የወረደው ሰማያዊ ጌጥ የማይወልቅ ድሪ ነው። በአዘቦትም በበዓልም፣ እንጀራ ሲጋገርም ልቅሶ ሲደረስም አብሯቸው ይውላል። እኔ ጌጥን የዘወትር ማድረግን የማየው መጀመሪያ ከነሱ አንገት ላይ ነው።

ስለ አንገት ካነሣሁ ስለ መስቀሌ ልንገራችሁ።

ከአያቴ የመጣ የብር መስቀል አለኝ። ፊቱ በቀጭን የብር ክር የተሠራ ነው፤ ሁለት ክር አንድ ላይ ተገምዶ፣ ተጠፍጥፎ፣ እየተጠቀለለ በመስቀሉ ክንዶች ውስጥ ተሞልቷል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በታችኛው ክንድ ላይ ያሉት ጥቅሎች ከላይኛዎቹ ትንሽ ሰፋ ይላሉ፤ አንዷ ጋ ብየዳው ጠብ ብሎ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ቀርቷል። ጀርባው ደግሞ ምንም የለበትም፤ ልሙጥ ነው። ከብዙ ዓመት የደረት ሙቀትና የልብስ ፍትጊያ የተነሣ ጠርዙ ሁሉ ለስልሷል። አያቴ የዘወትር ስላደረገችው ነው እንዲህ የሆነው። ሣጥን ውስጥ ቢኖር ኖሮ ጠርዙ ዛሬም ይቧጥጥ ነበር።

ብሩ ከጠገራ፣ ድሮ ከሚገበያዩበት የብር ገንዘብ፣ የመጣ ነው ይባላል፤ የዚያን ዘመን የብር ጌጥ በብዛት እንደዚያ ነበርና አይገርመኝም። ጠገራው ላይ የሚነበበው 1780፣ መልኳ የታተመበት የኦስትሪያዋ ገዥ ማርያ ትሬዛ የሞተችበት የፈረንጆች ዓመት ነው። ከሞተች በኋላም ያው መልኳና ያው ዓመት እየታተመበት ሲወጣ ኖረ፤ ባሕር ተሻግሮ፣ በበቅሎ ተጭኖ ጎጃም ገበያ ድረስ መጣ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ጨው ተገዛበት፣ በሬ ተሸጠበት፣ ጥሎሽ ተጣለበት። አንጥረኛው እጅ ሲገባ ደግሞ መስቀል፣ አልቦ፣ አምባር፣ የጆሮ ጌጥ ሆነ።

የአንጥረኛውን ሥራ ለማየት ዕድል ካገኛችሁ ቸኩላችሁ አትውጡ። ብሩ በከሰል እሳት፣ በወናፍ እየተናፋ ይቀልጣል፤ በቀጭኑ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ይቀጠቀጣል። ብር ሲቀጠቀጥ ይደነድናል፤ ዝም ብለው ከቀጠሉበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንደገና እሳት ያይና ይለሰልሳል፣ እንደገና ይቀጠቀጣል። ከዚያ ብዙ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ ከሰፊው ቀዳዳ ወደ ጠባቡ እየተሳበ ክር ይሆናል። እያንዳንዷ ጥቅል በጉጠት ጫፍ ተይዛ ቦታዋን ታገኛለች። ብየዳው ከጌጡ ቀድሞ መቅለጥ ስላለበት ከመዳብ ጋር የተደባለቀ ብር ነው፤ እሳቱ አንድ ጊዜ ከበዛ ግን የቀኑ ሥራ ሁሉ አብሮ ይቀልጣል። ሰውየው በዚያች ቅጽበት አይናገርም። እናንተም አታናግሩት።

እንግዲህ ይህን መስቀል የሠራው ሰው ስም እቤታችን የሚያውቀው የለም። ከማን እንደተገዛ፣ በምን እንደተለወጠ ይነገራል፤ የሠሪው ስም አይነገርም። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በአገራችን አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ፣ መሬት እየተከለከሉ፣ ከጋብቻና ከማዕድ እየተገለሉ ነው የኖሩት። የሠራውን መስቀል አንገታችን ላይ አስረን ሠሪውን ከገበታችን ያራቅን ሰዎች ነን። አጼ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲተው አዘዋል፤ ብረት የሚሠራውን «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» ማለት ይቅር ብለዋል። አዋጁ የወጣው በጥምቀት ወር መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ ያን ጥር ሰዉ ሁሉ ያ ሸማኔ የሠራውን ነጭ ለብሶ ነው ታቦት የሸኘው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ ስድቡ ግን ከየቤቱ አልወጣም። የዛሬ ልጆች የብር ጌጥ ሲሠሩ «ዲዛይነር» ተብለው ይከበራሉ፤ ደስ ይለኛል፤ አባቱም ልጁም በዚያው ሙያ ላይ ያለ አንጥረኛ ግን ይህ ክብር መቼ እንደሚደርሰው እጠይቃለሁ።

አሁን ሙስሊም ጎረቤቶቼን ለምን እንደጠራኋቸው ልናገር። ዛሬ የለበስኩት ነጠላ የተሠራው በሙስሊም ሸማኔ እጅ ነው። በጎጃም ከተሞች የሽመናን ሙያ ከአባት ተቀብለው ካቆዩልን መካከል ሙስሊሞች ብዙ ናቸው። ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ የፈተለችው የኔ እናት ናት፤ ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ፣ ልቃቂቱን በሙዳይ ወሰደችለት። ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው፣ የፋብሪካ ክር ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ሸማ እንዲህ ነው፣ ከፋብሪካው ጠንካራ ድር፣ ከእናቶች ለስላሳ ማግ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ፣ መርገጫውን በእግር ጣቱ ይዞ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያስኬዳል። ጥለት የሌለበት ሜዳው ቶሎ ይሄዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል፤ የድሩን ክር በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፣ ቀለሙን ያስገባል፣ ይመታል፣ እንደገና ይቆጥራል።

«ልጄ» አለኝ ነጠላውን ሲያስረክበኝ፣ «ታቦቱ ሲያልፍ እኔም መንገድ ዳር ወጥቼ አያለሁ። ከዚያ ሁሉ ነጭ መሃል የኔን ጥለት እለየዋለሁ።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ በጥምቀት ጎዳና ላይ ስቆም የማየው ሌላ ሆኗል። ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ኮርተናል። በዓሉን ነጭ ያደረገው ሸማ ግን በነዚህ ሰዎች ጣት ተቆጥሮ የተሠራ ነው። ስለዚህ ጋሼ፣ የኔ ምስጋና ለርስዎም ነው፤ እንኳን አደረሰን።

ገበያው ላይ የታተመ ጥለት ያለበት ቀሚስ በዝቷል። የሚገዛውን ሰው አልወቅስም፤ ዋጋው ይቀላል፣ ልጆች የሚያድጉበት ቤት ደግሞ ኪሱን ያያል። እጅ ሥራ ነው ተብላችሁ በእጅ ሥራ ዋጋ ስትገዙ ግን ጨርቁን ገልብጡት። የተሸመነ ጥለት በጀርባውም ክሩ ይታያል፤ የታተመ ጀርባው ይገረጣል። ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት። በእጅ የተፈተለ ማግ አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ነጠላው ሰውነት ላይ ሲወድቅ የሚያምረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ሰሞን የሚያስደስተኝ ደግሞ ወጣቶቹ የጀመሩት ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ከዚያች ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋር አንድ ላይ ሳስበው ጎጃም ለልብስ ሙያ እንግዳ እንዳልሆነ ይሰማኛል። ስንደዶና አክርማ፣ ለመሶብና ለአገልግል ብቻ ይመስሉን የነበሩት፣ በወስፌ ተሰፍተው ትንንሽ የጆሮ ጌጥ ሆነዋል፤ ቀላል ናቸው፣ ጆሮ አይጎትቱም። የከብት ቀንድ ተቀቅሎ ሲለሰልስ ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ እስኪያበራ ታሽቶ አምባር ይሆናል፤ ከአንድ ቀንድ የወጡ ሁለት አምባሮች እንኳ ቀለማቸው አይመሳሰልም። አሮጌ የብር ቁራጭ በጥቁር ማተብ ላይ አስረው የሚሸጡ ልጆችም አሉ። ይህኛው ከሁሉም በላይ ልቤን ይነካዋል፤ ምክንያቱም ማተብ የሁላችን የመጀመሪያ ጌጥ ነው። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ያ ክር ተገምዶ አንገታቸው ላይ ይታሰራል። ወርቅም አልማዝም አይደለም፤ በእጅ የተገመደ ክር ነው፤ ደግሞም ከቶ ለበዓል ብለን አናስቀምጠውም።

ለሌላውም ጌጣችን እንዲሁ ይሁንለት ነው የምለው። ብር አንገት ላይ ሲውል ይጠራል፤ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ይጠቁራል። ከጠቆረ በሎሚና በጥሩ አመድ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ በብሩሽ አትፈግፍጉት፣ የክሩ ሥራ ያልቃል። ነጠላውንም በየቀኑ ልበሱት፤ ሲያልቅ ሸማኔው አለ፣ እንዲኖር ከፈለግን ደግሞ ሥራ ያስፈልገዋል። በሠርግና በጥምቀት ብቻ የሚታዘዝ ሸማኔ ክረምቱን በምን ያሳልፋል? የክረምትም የበጋም ገበያ ሲኖር ነው ልጁን ሙያውን የሚያስተምረው።

ስለዚህ ከጥር 13 ጀምሮ ሥራ ቀን የለበሳችሁትን አንድ የእጅ ሥራ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። አምባር ይሁን፣ መቀነት ይሁን፣ የስንደዶ ጉትቻ ይሁን። ሥሩ ላይ የሠሪውን ስም ጻፉ፤ ፈቃዱን ጠይቁት፣ ካልፈለገ ከተማውንና ሙያውን ብቻ ጻፉ። የማታውቁት ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። በሚቀጥለው ጥምቀት የሁሉንም ስም በአንድነት አወጣዋለሁ።

መልካም ጥምቀት፣ መልካም ቃና ዘገሊላ። ጥር 23 ኢንጅባራ ላይ ለምትጋልቡ፣ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ለያዛችሁ ወንድሞቼ ደግሞ በሰላም ያድርሳችሁ። የፈረሳችሁን ፎቶ ስትልኩ ኮርቻውን ማን እንደሠራው ጻፉልኝ።