የተደፈነው ጉድጓድ፦ የስምንት ወር የንባብ ማስታወሻ

ቅዱሳት መጻሕፍትን የውስጥ ሰው መንገድ መሪ አድርጌ ማንበብ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ጥቂት ቁጥሮችን ደጋግሜ አነብና ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ በግራው ዓምድ ቃሉ በቀጥታ የሚለውን፣ በቀኙ ደግሞ በውስጤ ያስተዋልኩትን እጽፋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የግራው ዓምድ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ወደ ምሥጢሩ ለመድረስ ከመቸኮሌ የተነሣ ተራራ ሁሉ ተመስጦ፣ ጠላት ሁሉ ክፉ ሐሳብ ይሆንብኝ ነበር። አንድ ቀን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ስለ ሦስት የተለያዩ ምዕራፎች ያሰፈርኩት አንድ ዓይነት ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ ምዕራፎቹ ባይኖሩም ያንኑ እጽፍ ነበር ማለት ነው።

ያረመኝ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ነው። ይስሐቅ በአባቱ በአብርሃም ዘመን የተቆፈሩትን፣ ፍልስጥኤማውያንም አፈር ሞልተው የደፈኗቸውን ጉድጓዶች ዳግመኛ ያስቆፍራል፤ አባቱ ባወጣላቸውም ስም ይጠራቸዋል። በ3ኛው መቶ ዓመት ያስተማረው የእስክንድርያው ኦሪጀን ይህን ምዕራፍ ሲሰብክ የሕይወት ውኃ ጉድጓድ በእያንዳንዱ ነፍስ ውስጥ እንዳለ ተናግሯል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ወደ ግራው ዓምድ ተመልሼ ቁጥር 15ን በጥንቃቄ ገለበጥኩ። ጉድጓዱ ደረቀ አይልም፤ ተደፈነ ነው የሚለው። ቀድሞ በጸሎት ጸጥታ ስቀመጥ አንድ ከፍ ያለ ስሜት እንዲመጣልኝ እታገል ነበር፤ ከዚያች ግሥ ወዲህ ግን የትናንቱን ቂምና የነገውን ስጋት አፈር በአካፋ እንደሚዛቅ እየለየሁ ወደ ጎን ማድረግ ብቻ ሥራዬ ሆነ። (ፍልስጥኤማውያኑን አስቀድሜ ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ፈልጌያቸው እንደነበር ባልናገር ደስ ባለኝ።)

ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ይስሐቅ ከዚያ በኋላ ያስቆፈራቸው የሦስት አዲስ ጉድጓዶች ስም ነው። ዔሤቅ ጠብ፣ ስጥና ጠላትነት፣ ርኆቦት ስፋት ማለት ነው። ይስሐቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ላይ ጠብ ሲነሣ ስም አውጥቶላቸው ያልፋል እንጂ እስኪረታ ድረስ አይከራከርም። እኔም ንዴት ሲነሣብኝ «ይህ ዔሤቅ ነው» ብዬ ስሙን እጠራና ወደ ትንፋሼ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ይሳካል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እዚያው ቆሜ ስከራከር እገኛለሁ።

አንዱ ፍቺ ሌላውን እንደማይሽረው ያስረዳኝ ደግሞ የጥንቱ መነኩሴና ጸሐፊ ዮሐንስ ካስያን ነው። ኢየሩሳሌምን በአንድ በኩል ከተማ፣ አንድም ቤተ ክርስቲያን፣ አንድም ሰማያዊት አገር፣ አንድም የሰው ነፍስ ብሎ ሲፈታ ከተማይቱ ከተማ መሆኗን አልተወችም።

በዚህ ሳምንት የይስሐቅ ሎሌዎች «ውኃ አገኘን» ብለው የነገሩበት ቁጥር 32 ላይ ደርሻለሁ። በግራው ዓምድ ገልብጬዋለሁ፤ የቀኙን ለጊዜው ባዶ ትቼዋለሁ።