ለሄዱትም እንኳን አደረሳችሁ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ። መውሊድ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው እንቁጣጣሽ በመድረሱ፣ ጎረቤቴ የላከችልኝን ሐላዋ ገና ሳልጨርስ ዛሬ ማለዳ አበባ የያዙ ልጆች ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለውን ቤቴን አንኳኩ። ከመካከላቸው ትንሿ በአዲሱ ቀሚሷ ላይ የኳስ ቡድናችንን ብርቱካናማ ማሊያ ደርባ ነበር፤ የታላቅ ወንድሟ ሳይሆን አይቀርም፣ ከጉልበቷ በታች ወርዷል። ዘፈናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የማሊያውን ጀርባ አየሁት፤ የመሀል ተከላካያችን ቁጥር ነው። የዚያ ቁጥር ባለቤት በሐምሌ ወር ውሉ አልቆ ከተማችንን ለቋል። በዚህ መልእክት ስለ ዘመድ ጥየቃና ስለ ዓመቱ ሥራዬ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር፤ ያንን ማሊያ ካየሁ በኋላ ግን ልቤ ወደ ሌላ አልሄድ አለኝ።

ክረምት ለኳስ ደጋፊ ረጅም ነው። በአገራችን ሊግ የብዙ ተጫዋቾች ውል የአንድ ወይም የሁለት ዓመት በመሆኑ፣ የውድድር ዘመኑ ባለቀ በሳምንታት ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ስማቸውን እየጠራን የጨፈርንላቸው ልጆች አንዱ ለሌላ ከተማ ሲፈርም፣ ሌላው መልቀቂያ ሲጠይቅ፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይባልለት ከስም ዝርዝሩ ሲወጣ እንሰማለን። ዘንድሮም እንዲሁ ሆነ። ደጋፊዎች በምንገናኝበት ቴሌግራም ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ከምስጋናው እርግማኑ በዝቶ ሰነበተ፤ “ከሃዲ” የተባለ አለ፣ “ድሮም ልቡ እዚህ አልነበረም” የተባለ አለ፣ እግሩን እያመመው በፋሻ ጠቅልሎ የተሰለፈልንን ልጅ ሳይቀር “ደመወዙን ብቻ ነበር የሚፈልገው” ያሉ ነበሩ። ብዙዎቻችሁ “ምነው አንቺ ዝም አልሽ?” ብላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። ዝም ያልኩት በአንድ ሰው ምክንያት ነው፤ ዛሬ ስለ እሳቸው ልንገራችሁ።

በ2003 ዓ.ም. በመምህርነት ተቀጥሬ ከደሴ ድሬዳዋ ስገባ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም፤ ሙቀቱም አልተስማማኝም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስተክዝ ከምውል ብዬ ስታዲየም ገባሁ። የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ስቆም ያዩኝ አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ፔርሙዛቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው “ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ” አሉኝ። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ እንዳይጨናነቁ” ብላቸው ፊታቸው ተለወጠ። “እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ ደረጃ ላይ አይቀመጥም፤ ድሬ ነው ያለሽው፣ አንተ በይኝ” ብለው ሻይ ቀዱልኝ። እኔ ታላቅን ሰው አንተ ብዬ አላደግሁም፤ ቃሉን ሳልሸማቀቅ ለማውጣት አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ፈጅቶብኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስካለፈው ሚያዝያ ድረስ ጨዋታ በነበረ ቁጥር ከጎናቸው ተቀምጫለሁ።

ጋሼ ብዬ ብቻ ልጥራቸው፤ ስማቸው እንዲጻፍ ቤተሰባቸው አልፈለገም። በምድር ባቡር ወርክሾፕ በበያጅነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ስለ ኳስ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከ1968 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስታዘጋጅ አንዱ ምድብ አዲስ አበባ፣ ሌላው ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ ተጫውቷል፤ ወደ እኛ የመጡትም ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና የወቅቱ የዋንጫ ባለቤት ዛየር፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ነበሩ። ጋሼ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናቸው። ዛየርና ሱዳን ከዚሁ ተሰናበቱ፤ ሞሮኮና ናይጄሪያ አልፈው ወደ አዲስ አበባ ወጡ፤ በመጨረሻም ሞሮኮ ዋንጫውን ወሰደች። ጋሼ ይህን ሲተርኩ “ዋንጫው ሲነሣ ሳናይ ቀረን” ብለው አንድም ቀን አልተቆጩም፤ ሁልጊዜ የሚሉት “እኛ ነን የሸኘናቸው” ነበር። መሸኘት ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የፈጁ ሰው ናቸው፤ ከተማዋም ራሷ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና፣ ሰው መቀበልና ሰው መሸኘት የዕለት ተዕለት ሥራዋ ሆኖ ኖሯል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ እንዲሁ በክረምት፣ አንድ አጥቂያችን ለሌላ ክለብ ፈረመ። እኔም ተናድጄ እዚሁ ገጼ ላይ የጻፍኩትን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ልደግመው አልፈልግም፤ የልጁ እናት አንብበውት ከሆነ ምን ተሰምቷቸው እንደሆነ ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ለጋሼ ያነበበችላቸው ልጃቸው ናት። በማግስቱ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ካለችው ሻይ ቤት ጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?” አሉኝ። ሃያ ስምንት አልኳቸው። “ጉልበቱ ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ያጫውተዋል?” ቢበዛ አምስት አልኳቸው። “ከዚያ በኋላ የእናቱን የቤት ኪራይ የምትከፍይው አንቺ ነሽ?” መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወሬውን ወደ ጥጥ ፋብሪካው አዞሩት። ኮተን እየተባለ የሚጠራው የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደ ቡድን ነው፤ ጋሼ ያንን ዘመን ከአባታቸው እየሰሙ ነው ያደጉት። “ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ የኮተን ልጆች ናቸው ብለን እንኮራለን አይደል? ከየት መጡ? ከአሥመራ አይደለም?” አሉኝ። ጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ ሁለቱም ወንድማማቾች ግብ አስቆጥረዋል፤ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለውም አምበሉ ሉቺያኖ ነው። ጋሼ ይህንን ሁሉ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየቆጠሩ ካስታወሱኝ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና “አንቺስ፣ ደሴን ለቅቀሽ ስትመጪ የሰደበሽ አለ?” አሉ።

የሰደበኝ አልነበረም። እናቴ ቆሎ ቋጥራ፣ አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ነው የሸኙኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ጽሑፉን አነሣሁት፤ ለልጁም ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩለት። “ችግር የለም እህቴ” ብሎ መለሰልኝ። ያች መልስ እስከ አሁን ስልኬ ውስጥ አለች።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በቴሌቪዥን እየተላለፈ በተመረጡ ከተሞች ስለሚካሄድ፣ ቡድናችንን በሜዳችን የምናየው ተራው ሲደርሰን ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ እዚያችው ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። ከጋሼ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ጨዋታም በቴሌቪዥን የተላለፈ ነው። የስኳር ሕመማቸው ጠንክሮባቸው ስለነበር ሻዩን ያለ ስኳር፣ ቀስ እያሉ ይጠጡ ነበር። ተከላካያችን ከግቡ አፍ ላይ አንድ ኳስ በጭንቅላቱ ሲያወጣ ፔርሙዙን አስቀምጠው “ይህን ልጅ ዘንድሮ ይወስዱብናል፤ ሲሄድ ዝም ብላችሁ እንዳትለቁት” አሉን። ግንቦት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ዐረፉ።

ሐምሌ ላይ ያልጠበቅሁት ስልክ ተደወለልኝ። ተከላካያችን ነው። ዕቃውን ጠቅልሏል፤ ከመሄዱ በፊት የጋሼን ቤት እንዳሳየው ፈለገ፤ ከቡድኑ ጋር ሌላ ከተማ ስለነበር ለቅሶ ሳይደርስ ቀርቶ ኖሯል። ወደ ለገሀሬ ሰፈር አብረን ሄድን። እኔ ጋሼ ልጁን ከደረጃው ላይ ሆነው ብቻ የሚያውቁት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ከልምምድ ሲወጣ በሩ ላይ እየጠበቁ “ግራ እግርህንም እመነው” ይሉት ነበር፤ የተጎዳ ጊዜም ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄደው ጠይቀውታል። ይህን ለባለቤታቸው ሲነግራቸው አንገቱን ደፍቶ ነበር። እሳቸውም ጓዳ ገብተው ቆዩና ያንን ፔርሙዝ ይዘው ወጡ። “እሱ ቢኖር ባዶ እጅህን አይሸኝህም፤ መንገድ ላይ ሻይ ትጠጣበታለህ” አሉት። በሁለት እጁ ተቀበላቸው። እኔ ያን ጊዜ “ይቅናህ” ከማለት ሌላ ቃል አልወጣልኝም፤ እሱንም ለመጨረስ ተቸገርኩ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት የማመሰግናቸው ሰዎች አሉኝ። በስታዲየሙ በር ላይ ኦቾሎኒ የምትሸጠው እህታችን ዝናብ ሲጥል ዣንጥላዋን ለአረጋውያን ደጋፊዎች እየሰጠች ራሷ ስትረጥብ አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የምሽት ጨዋታ ሲያልቅ ሴቶቹን በቅድሚያ ወደ ሰፈራችን ያደርስ የነበረው ባለ ባጃጅ፣ በተሸነፍንበት ቀን ሒሳብ አልቀበልም ያለውን አልረሳሁም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ግብ ያገባልንን ሁሉ፣ ደቂቃውን ሳይቀር፣ በደብተር የምትመዘግበው ተማሪዬ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከከተማ ትወጣለች፤ ደብተሩን ለታናሽ እህቷ ማስረከቧን ነግራኛለች። ከጅዳ ሆኖ በየጨዋታው እየደወለ “ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዙሪው፣ ድምፁን ልስማ” የሚለን ወንድማችንም እንኳን አደረሰህ፤ በሚመጣው ዓመት ድምፁን እዚሁ ሆነህ ለመስማት ያብቃህ።

ለክለባችን ኃላፊዎች፣ ከአክብሮት ጋር አንድ ምኞት አለኝ። ውሉ ያለቀ ልጅ መሄዱን ከማስታወቂያ ከምንሰማ፣ በመጨረሻው ጨዋታ ማግስት ሜዳው ተከፍቶልን፣ የሚሄዱትን በስማቸው ጠርተን፣ አመስግነን ብንሸኛቸው ምን ያህል ያምር ነበር! ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሻዩንና ዳቦውን ደጋፊው ያመጣዋል፣ እኔም እችላለሁ። ለደጋፊ ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ፣ በሐምሌና በነሐሴ የጻፋችሁትን አንድ ጊዜ መለስ ብላችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። የሚነሣ ነገር ካለ ዛሬ በዓል ነውና አንሡት። አዲስ ለፈረማችሁልን ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሙቀቱ በመጀመሪያው ወር ያስጨንቃል፤ ቀፊራ ገበያ ወርዳችሁ ሐብሐብ ግዙ፣ አንተ ያሏችሁንም ሰዎች አትቀየሟቸው።

ተከላካያችን፣ ይህን ካነበብህ እንኳን አደረሰህ። የአዲሱን ክለብህን ማሊያ ለብሰህ ወደ ሜዳችን የምትመጣበት ቀን ይመጣል። ቡድናችን እንዲያሸንፍ እጸልያለሁ፤ አንተም ሳትጎዳ እንድትወጣ እጸልያለሁ። የመጀመሪያዋን ኳስ ስትነካ ከደረጃው ላይ ተነሥታ የምታጨበጭብ ሴት ካየህ እኔ ነኝ። ፔርሙዙን ይዘህ ና፣ ሻዩን እኔ አፈላለሁ።

ጋሼ፣ እስከዚህ ድረስ እሳቸው እያልኩ የጻፍኩት አንተን የማያውቁ ብዙ ሰዎች ስለሚያነቡት ነው። ውድድሩ ወደ ድሬ ሲመለስ ያቺን ደረጃ ቀድሜ ይዤ እጠብቃለሁ። ከበሩ ላይ ግራ ገብቷት የቆመች ልጅ ካየሁ በቦታህ አስቀምጣታለሁ፤ ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ።