ስልኬ የፈቀደልኝ 44 ደቂቃ

ወደዚህ ተራራ የወጣነው ታናሽ ወንድሜ ስለፈለገ ነው። እኔን ያጓጓኝ ተራራው ሳይሆን በስልኬ ላይ የጫንኩት አዲስ መተግበሪያ ነበር፤ የባለቤቱን የቆዳ ዓይነት፣ ያለበትን ቦታና የዕለቱን የአልትራቫዮሌት (ቆዳን የሚያቃጥለው፣ ዓይን የማያየው የፀሐይ) ጨረር መጠን አገናዝቦ፣ ያለ መከላከያ ስንት ደቂቃ ፀሐይ ላይ መቆየት እንደሚችልና ክሬሙን መቼ ደግሞ መቀባት እንዳለበት ይናገራል ተብሎለታል። ወንድሜ አልቢኒዝም (ከልደት ጀምሮ የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም ማነስ) ስላለበት፣ በቤታችን ፀሐይ እንደ ክፉ ጎረቤት መውጫ መግቢያዋ ሲጠበቅ የኖረች ናት። እኔ ግን ጥቁር ቆዳዬን ተማምኜ ስለ እሷ ተጨንቄ አላውቅም፤ መተግበሪያውን የጫንኩትም እሱን ይጠቅመዋል ብዬ እንጂ ለራሴ ብዬ አልነበረም።

ከመውጣታችን በፊት በነበረው ምሽት፣ ሸለቆው ውስጥ ባረፍንበት ክፍል፣ መጠይቁን ተራ በተራ ሞላን። ስድስት የቆዳ ዓይነቶች ተደርድረው ይታያሉ። ምደባው የአሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም የቶማስ ፊትዝፓትሪክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲነድፈው ዋናው ጥያቄ ቆዳው ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል ወይስ ይጠይማል የሚል ነበር፤ መጀመሪያ የነጮችን ቆዳ ብቻ በአራት የከፈለ ሲሆን፣ እኔን የሚመለከቱት 5ኛውና 6ኛው የተጨመሩት ኋላ ነው። እኔ 5ኛውን፣ ወንድሜ 1ኛውን መረጥን። ከዚያም «መድኃኒት እየወሰዱ ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔም ሳላመነታ «አልወስድም» የሚለውን ነካሁ። በቆላው በኩል ስላለፍን ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ እውጥ ነበር፤ ነገር ግን በእኔ አእምሮ መድኃኒት የሚወስደው የታመመ ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ አልታመምኩም። ለወንድሜ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት እንክብል ጽፎለት ነበር፤ ለምን እንደለየን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት መተግበሪያው የዕለቱን የአልትራቫዮሌት ኢንዴክስ 9 ብሎ አሳየ። ይህ መለኪያ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ከ3 ጀምሮ መከላከያ ያስፈልጋል፣ ከ8 እስከ 10 ያለው «እጅግ ከፍተኛ» ይባላል፣ 11 እና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ የመጨረሻው እርከን ነው። ከቁጥሩ ሥር ለእኔ 44 ደቂቃ፣ ለወንድሜ 15 ደቂቃ ተጽፏል። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ አንድን የቆዳ ዓይነት ለማቅላት የሚበቃውን የጨረር መጠን ለዕለቱ የጨረር ኃይል ማካፈል ነው። የተካፈለው ግን የብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ የእኔ ማጅራት አይደለም። ወንድሜ ዓይኑ አጥርቶ ስለማያይለት ስልኩን እስከ አፍንጫው አስጠግቶ አነበበና «እንግዲህ ስለ አሥራ አምስቱ ደቂቃ ላመስግነው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያም የወትሮውን አደረገ፤ እጅጌው ረጅም የሆነ፣ ሽመናው ጠበቅ ያለ ሸሚዝ ለበሰ፣ ዙሪያው ሰፊ የሆነውን ባርኔጣ አጠለቀ፣ ጥቁር መነጽሩን አደረገ፣ ፊቱን፣ ጆሮዎቹንና የእጆቹን ጀርባ በክሬም ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ለቀለቀ። በልጅነታችን በዚህ አለባበሱ ስንት ጊዜ እንደሳቅንበት ትዝ ሲለኝ አሁንም አፍራለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በደንና በጭቃ ውስጥ አለፉ።

ደኑ አልቆ ገላጣው ዳገት ሲጀምር የስልኩ ኔትወርክ ጠፋ። ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት ነገር፣ በመስታወቱ ላይ የቀረው 9 ያደርንበት ሸለቆ ቁጥር መሆኑን ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እኛ ደግሞ እኩለ ቀን ሲሆን ከ1,500 ሜትር በላይ ወጥተን ነበር። ሰውነቴ ሽቅብ ሲወጣ ስልኬ ሸለቆው ውስጥ ቀርቶ ነበር ማለት ይቀላል። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ነፋሱም ደስ የሚል ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም፤ ቆዳ የሚሰማው ሙቀትን እንጂ አልትራቫዮሌትን አይደለም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የስልኩ መስታወት በፀሐዩ ብርሃን አለመነበቡ ነበር። የቀሩኝን ደቂቃዎች ለማየት በፈለግኩ ቁጥር ባርኔጣዬን አውልቄ ስልኩን አጠላለት ነበር። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጊዜ ይህን ሳደርግ፣ ከፊታችን ይሄዱ የነበሩት ሽማግሌው መሪያችን ቆም ብለው ተመለከቱኝና «የኔ ልጅ፣ ባርኔጣው የራስህ ነው ወይስ የስልክህ?» አሉኝ። ወንድሜ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ይሁን እንጂ ከመቶ እርምጃ በኋላ ባርኔጣዬን እንደገና አወለቅኩ።

ከደኑ ከወጣን ሁለት ሰዓት ሲሞላ ስልኩ ነዘረና ክሬሙን እንድደግም አሳሰበኝ። ጓንት አጥልቄ ነበር፤ ቱቦውም ከቦርሳው ሥር ነበር። «ተቀብቻለሁ» የሚለውን ነካሁና መንገዴን ቀጠልኩ። ጠዋት የተቀባሁትም ቢሆን ለይስሙላ ነበር። በቱቦው ላይ የተጻፈው ኤስፒኤፍ 50፣ ማለትም ክሬሙ ፀሐይን የመከላከል አቅሙ መለኪያ፣ የሚገኘው በላቦራቶሪ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ክሬም ተቀብቶ ነው፤ ለፊትና ለአንገት ብቻ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። እኔ ያወጣሁት የአተር ፍሬ የምታህል ነበረች፤ ለመተግበሪያው ግን «ኤስፒኤፍ 50» ብዬ ስለነገርኩት፣ እንደ ነገርኩት አድርጎ ደቂቃዎቹን እያራዘመ ይቆጥርልኝ ነበር።

ቀትር ላይ ከደረስንበት ከፍተኛ መተላለፊያ ላይ ሌሊት የወረደ በረዶ ነጭ ብሎ ተኝቷል። ስስ ደመና ፀሐይዋን ሸፈን አድርጓት ስለነበር መነጽሬን እንኳ አውልቄ ቁጭ አልኩ። አዲስ በረዶ የወደቀበትን አልትራቫዮሌት እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ወደ ላይ እንደሚረጭ፣ ስስ ደመናም አብዛኛውን እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ፤ ያነበብኩት ግን ያን ዕለት ሳይሆን ከተመለስኩ በኋላ ነው። ኦስትሪያዊው የኬሚስትሪ ሰው ፍራንዝ ግራይተር፣ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1938 ፒዝ ቡይን የተባለውን የአልፕስ ተራራ ሲወጣ ክፉኛ ተቃጥሎ ኖሮ፣ ኋላ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ወደ መሥራት የገባው በዚያ ምክንያት ነው ይባላል። እኔ ክሬሙ በቦርሳዬ ውስጥ እያለ ነው የተቃጠልኩት። ወንድሜ ጀርባውን ለበረዶው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ዐለቱ አዙሮ ተቀምጦ ነበር። «ዞር በል፣ ከሥር ነው የሚመጣብህ» ቢለኝም አልሰማሁትም፤ ስልኬ ገና ሃያ ስድስት ደቂቃ እንዳለኝ ይናገር ነበር።

ማታ፣ ከመተላለፊያው ማዶ ባለው የተራራ ማረፊያ ቤት፣ ማጅራቴን፣ የጆሮዎቼን ጫፍና የእጆቼን ጀርባ ከጓንቱ አፍ በላይ ያለውን እሳት በላኝ። የሚገርመው አገጬ ከሥሩ፣ የአፍንጫዬም ቀዳዳዎች ዙሪያ መቃጠላቸው ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ እምብዛም ስለማይታይ መሪያችን አላመኑኝም ነበር፤ በጣታቸው ነክተው ትኩሳቱ ሲሰማቸው ግን ከንፈራቸውን መጠጡ። የቤቱ ጠባቂ ስልኬን ቻርጅ ለማድረግ የአንድ አልጋ ዋጋ ያህል ጠየቀኝ፤ ተከራክሬ፣ ተሸንፌ፣ ከፈልኩ። ሌሊቱን በጎኔም በጀርባዬም መተኛት አልቻልኩም፤ የመኝታ ከረጢቱ ዚፕ ማጅራቴን በነካው ቁጥር እየባነንኩ ነጋ።

ከጎናችን ካደሩት መንገደኞች አንዲት አዛውንት በሌሊቱ መካከል ተነሥተው ሻሻቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው አመጡልኝ። ዕድሜያቸውን በመድኃኒት ቤት ሥራ ያሳለፉ ናቸው። ማጅራቴን በመብራት እያዩ «ልጄ፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የለም ልል ስል ወንድሜ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ለወባ የሚውጠውስ?» አላቸው። ስሙን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ስስ እንደሚያደርግ፣ ሐኪሙም ወንድሜን ሌላ እንክብል የሰጠው ለዚሁ ሳይሆን እንደማይቀር አስረዱኝ። እንክብሉን በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጥ፣ ይልቁንም እንድሸፋፈን አጥብቀው ነገሩኝ።

በነጋው መልሴን ለማረም ስልኩን ከፈትኩ። በማረፊያ ቤቱ ውስጥ ደካማ ኔትወርክ ነበር። «መድኃኒት እወስዳለሁ» ብዬ ስሙን ሳስገባ፣ 44ቱ ደቂቃ ጠፋና በምትኩ ደቂቃ ማስላት እንደማይቻል፣ ሰውነቴን በልብስ እንድሸፍንና ሐኪም እንዳማክር የሚል ጽሑፍ ወጣ። ይህ መልስ ከሰጠኝ ሁሉ የታመነው ነበር። ወዲያውኑ ደግሞ የነጻ ሙከራው ጊዜ ማለቁን ገልጾ ክፍያ ጠየቀኝና ተዘጋ። በስልኩ ቁጥሩን ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መተግበሪያ በነጻ እንደሚገኝም ኋላ ነው ያወቅኩት።

ቁልቁለቱን የወረድኩት የሴትዮዋን ሻሽ በማጅራቴ ላይ ጥዬ፣ የወንድሜን ትርፍ ሸሚዝ ለብሼ ነው፤ እጅጌው አጥሮኝ ስለነበር የእጆቼን ጀርባ በካልሲ ሸፈንኩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወንድሜ በየጊዜው ወደ መሬት እያየ ይሄድ ነበር። ምን እንደሚፈልግ ስጠይቀው ጥላዬን አሳየኝ፤ ከቁመቴ አጥሮ እግሬ ሥር ተሰብስቧል፤ ጥላ ከቁመት ሲያጥር ፀሐይዋ በርትታለች ማለቱ ነው። ወደ አንድ ትልቅ ዐለት ሥር መራኝና ተቀመጥን። እሱ ባርኔጣውን በፊቱ ላይ ደፍቶ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔ የዐለቱን ጥላ ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጌ፣ እስኪረዝም ድረስ እየጠበቅኩ ቀሪውን ክሬም በአንድ የሻይ ማንኪያ ልክ እየሰፈርኩ ተቀባሁ።