«ወገቤን ነው»

ጎንደር ውስጥ ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ ማሽን) ክፍል ስሠራ የገጠመኝ ነው። ታካሚው ከቆላ ድባ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። ማዘዣው «የወገብ ኤምአርአይ» ይላል። ከዚያ በፊት «ኩላሊት ነው» ተብለው ለወራት ማስታገሻ ሲውጡ ከርመዋል።

እኔና እሳቸው ግን ስለ ሕመሙ አላወራንም። ያወራነው ስለ ማተባቸው ነው። ክሩ ላይ የብረት መስቀል አለ፤ ብረት ይዞ ወደ ማግኔት አይገባም። «ክርስትና ከተነሣሁ ወርዶ አያውቅም» አሉ። ልጃቸው መስቀሉን ብቻ አውጥቶ ክሩን መልሶ እስኪያስር ሩብ ሰዓት ሄደ። ውጭ ወረፋው ረዝሟል። ቶሎ አስተኛኋቸው፣ የታዘዘውን አነሣሁ፣ ሸኘኋቸው።

ከሰዓት ምስሉን የምታነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቷ፣ ጠራችኝ። የወገብ አንጓዎቹ ደህና ናቸው። የምስሉ የላይኛው ጫፍ ላይ ግን፣ ከአጥንቱ ፊት ለፊት፣ ነጭ ፈሳሽ ነገር ተቆርጦ ቀርቷል።

«የቱ ጋ ነው የሚያማቸው?»

ዝም አልኩ። አልጠየቅኋቸውም።

በማግስቱ አስጠራናቸው። መስቀሉን ቤት ትተው፣ ክሩን ብቻ አስረው መጡ። «ያ ወፍጮ ቤት እንደገና?» አሉኝ፤ የማሽኑ ጩኸት ነው።

«አባቴ፣ የሚያምዎት ላይ ጣትዎን ያስቀምጡልኝ።»

እጃቸው አልደረሰም። ልጅየው ነካልኝ፤ ከትከሻ አጥንታቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ። ለካ ለእሳቸው ከአንገት በታች ያለው ሁሉ ወገብ ነው!

ሙሉ አከርካሪውን አነሣሁ፤ ምስሉን የሚያጎላውን ጋዶሊኒየም ተወግተውም ደገምኩ። ዘጠነኛውና አሥረኛው የደረት አንጓ ከፊት በኩል ተበልተዋል። ያ ነጭ ነገር መግል ነው፤ በጅማቱ ሥር ሾልኮ ወደ ታች ወርዷል። በሁለቱ አንጓዎች መሃል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ዲስኩ፣ ግን ብዙም አልተነካም። ሌላው መግል አምጪ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን ቶሎ ነው የሚያጠፋው፤ እንዲህ ዲስኩን ትቶ አጥንት የሚበላው በብዛት ቲቢ ነው። ምስል ብቻውን አይፈርድም እንጂ። ጥሬ ወተት የሚያመጣው ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያም አከርካሪ ላይ ይቀመጣል። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ቲቢ ሆነ። የ12 ወር መድኃኒት ተጀመረላቸው። እግራቸው መዛል ጀምሮ ነበር፤ እሱንም የነገሩን ያን ቀን ነው።

አሁን ከማስተኛቴ በፊት የሚያመው ቦታ ላይ አንዲት የዓሣ ዘይት እንክብል በፕላስተር እለጥፋለሁ። ምስሉ ላይ ነጭ ሆና ትታያለች። ባለፈው አንዲት እናት ሲጨርሱ እንክብሏን ነቅለው መዳፋቸው ላይ አገላበጧትና «ይቺን በውኃ ነው የምውጣት?» አሉኝ።