የቄሳር ምስጠራ በአማርኛ ፊደል፦ ስህተቱን እንዴት አስተካከልነው

ፕሮግራም አጻጻፍ የማስተምረው አንድ ተማሪ በሲ ቋንቋ የሠራውን የቄሳር ምስጠራ ይዞልኝ መጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዩሊየስ ቄሳር ያደርግ እንደነበረው እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቦታ ወደፊት ማሻገር። በእንግሊዝኛ ቃላት ሲሞክረው ሠርቶለታል። «ሰላም» ብሎ ሲያስገባ ግን ሦስት የቻይንኛ ፊደላት ወጡ!

የስትሪንጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የያዘውን ጽሑፍ፣ ርዝመት እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። 9 ይላል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት (ከ0 እስከ 255 ያሉ ሦስት ቁጥሮች) ይይዛል። ሰ ማለት 225፣ 136፣ 176 ነው። ፕሮግራሙ ባይቱን ፊደል አድርጎ በእያንዳንዱ ላይ 3 ሲደምር 228፣ 139፣ 179 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የአንድ ቻይንኛ ፊደል ኮድ ነው። ሲፈታ መልሶ 3 ስለሚቀንስ ጽሑፉ ደኅና ሆኖ ይመለሳል፤ ስህተቱን አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፣ ተደብቆ ይኖራል። የሚጋለጠው እንደ ሽ ያለ ፊደል ሲመጣ ነው። የሽ የመጨረሻ ባይት 189 ነው፤ 3 ሲጨመርበት 192 ይሆናል፣ በዚያ ቦታ የሚፈቀደው ግን ከ128 እስከ 191 ያለው ብቻ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለውን ባይት በጥያቄ ምልክት ይተኩታል፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን የሚመልሰው የለም።

ፕሮግራሙን ወደ ፓይተን ቋንቋ አዛወርነው፤ እሱ ስትሪንግን የሚቆጥረው በፊደል ነው። ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የቁጥር ሠንጠረዥ) ለፊደሉ በሰጠው ቁጥር ላይ 3 ስንደምር «ሰላም» «ሳሎሠ» ሆነ። ይህን ምስጢር ለማለት አልደፍርም። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ የፊደል ረድፍ ስምንት ቦታ ስለሰጠ፣ 3 መደመር አብዛኛውን ጊዜ ከግዕዝ ወደ ራብዕ፣ ከራብዕ ወደ ሳብዕ ከመውሰድ አያልፍም።

ታዲያ ሦስት ረድፍ፣ ማለትም 24 ብንደምርስ? ሱ ባዶ ሣጥን ሆነ። ከቀ ቀጥሎ የቈ ረድፍ አለ፤ ቈ ካዕብ የለውም፣ ቦታው ክፍት ነው።

መፍትሔው ልጆች ከሚማሩበት የፊደል ገበታ መጣ። ከሀ እስከ ፐ ያሉትን 33 ፊደላት፣ መጨረሻ ላይም ቨን ጨምረን፣ በራሳችን ቅደም ተከተል ዘረዘርን። ፕሮግራሙ የፊደሉን ረድፍ ከዝርዝሩ ይፈልጋል፣ ሦስት ረድፍ ወደታች ይወርዳል፣ ቤቱን ግን አይለቅም፦ ራብዕ ራብዕ ሆኖ፣ ሳድስም ሳድስ ሆኖ ይቀራል። ቤቱ የሚገኘው የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር ለ8 አካፍሎ ቀሪውን በመውሰድ ነው። ዝርዝሩ ሲያልቅ ለ34 ተካፍሎ የሚተርፈው ቀሪ ወደ ሀ ይመልሰዋል። እንደ ሏ ያሉትን፣ ነጥቦችንና ቁጥሮችን እንዳሉ ተውናቸው። «ሰላም» አሁን «በሣስ» ነው።

ተማሪው በዚህ ረክቶ ሊዘጋው ነበር፤ እኔ አልፈቀድሁም። አንድ ቃል ሠራ ማለት ሌላው ይሠራል ማለት አይደለም፣ ሽ ይህን አሳይቶናል። 34 ረድፍ በ7 ቤት 238 ፊደል ነው፤ ሁሉንም እንዲመሰጥር፣ እንዲፈታና ከመነሻው ጋር እንዲያስተያይ አደረግነው። ውጤቱን በፋይል አስቀምጠን፣ ፋይሉን እንደገና ከፍተን ጭምር አነበብነው። 238ቱም ተመለሱ።