አዎ ስል የታፈንኩ የመሰላት አለቃዬ

አዎ ለማለት ድምፅ የሚያስፈልገው ለሌላው ሕዝብ ነው። እኛ ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ አለቀ፣ ተግባባን። «ምሳ በላህ?» ሳብ። «በሰላም ገባህ?» ሳብ። የኔ ደግሞ ከእናቴ የወረስኩት ነውና ጠለቅ ይላል፤ ማይክሮፎን ፊት ሲሆንማ ያፏጫል።

የምሠራው ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው፣ ቦሌ። ዕቃው ጅቡቲ ይራገፋል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ጫማ ማለቅ ነው። አለቃዬ ኬንያዊት ናት፣ ናይሮቢ ነው የምትቀመጠው። ሒሳቡን የሚይዘው ሕንዳዊ ነው፣ የማሽኑ መሐንዲስ ስዊድናዊ።

መጀመሪያ የፈራሁት ሰዓቱን ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንጅ ቀጥሮ በስድስት ሰዓት ያልተላለፈ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ኬንያውያን ግን በስዋሂሊ ሲያወሩ ልክ እንደኛ ቀኑን ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፤ የፈረንጁ ዘጠኝ ሰዓት ለነሱም «ሳ ታቱ» ነው፣ ሦስት ሰዓት። እናም «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ስጽፍላት «በኛ ነው በእንግሊዝ?» ብላ መለሰችልኝ። በኛ! እንዴት ደስ እንዳለኝ። ከዚህች ሴትዮ ጋር በምንም አንጋጭም ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ሰኞ ጠዋት የስልክ ስብሰባ አለን። ኔትወርኩ ስለሚንቀራፈፍ ካሜራ እናጠፋለን። (ሕንዳዊው አንገቱን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ መስማማቱ እንደሆነ ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጅቶብናል፤ ካሜራው ሲጠፋ ግን እሱም ዲዳ ነው።)

«ኮንቴይነሩ ከሞጆ ወጣ?» አለችኝ።

ሳብኩ።

ዝም አለች። «ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ወጥቷል?»

ሳብኩ።

«አምላኬ! ጠፋ እንዳትለኝ ብቻ!»

«ኧረ አልጠፋም» አልኳት፤ ምን እንዳስደነገጣት ግራ ገብቶኝ።

«እሺ፣ ሰነዱስ ተሟልቷል?»

እዚህ ላይ ያንን ሰነድ ለማሟላት ያየሁትን አበሳ የማውቀው እኔ ነኝ። ከልቤ ነው የሳብኩት፣ ረዘም አድርጌ፣ እስከ ሆዴ ድረስ።

«ስማኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አስም አለብህ እንዴ?»

«የለብኝም።»

«አሁን በደንብ እየተነፈስክ ነው?»

መቼም እየተነፈስኩ ነው። ሳብኩ። ልክ በዚያች ሰከንድ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርካችን ሰው የሚገድልበትን ሰዓት ያውቅበታል።

ትንሽ ቆይቶ የቢሮዬ በር ብርግድ አለ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት፤ ስልኳ ላይ የቀይ መስቀልን 907 ጽፋ ለመደወል አውራ ጣቷ ብቻ ቀርቷል። ከኋላዋ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ በአንድ እጃቸው ጸበል በአንድ እጃቸው ሎሚ ይዘው ደረሱ። «ዓይን ነው! ዓርብ ዕለት በአዲስ ጫማ ሲመጣ ጊዜ ብያለሁ!» እያሉ ፊቴ ላይ ረጩብኝ። እኔ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ማኪያቶውም ተረጨ።

ኃላፊዋ ወደ ናይሮቢ ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ደረስሽለት? ደህና ነው?» አለች አለቃዬ።

ኃላፊዋ የጎጃም ልጅ ናት። ሳብ!

«አንቺም?!» ብላ ጮኸች። «ጋዝ ነው! ሕንጻው ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ሁላችሁም ውጡ!»

ልናስረዳት ብንሞክር ማን ይስማን። የሕንጻውን አስተዳደር ስልክ ለካ እሷም አላት። ጥበቃው ፊሽካውን ነፋ፣ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ወጣ፣ ምድር ላይ ያለው ባንክ ውስጥ ወረፋ የያዙት ሳይቀሩ ወጡ። አንዱ ሰውዬ «ተራዬ ደርሶ ነበር እኮ» እያለ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲንቆራጠጥ፣ ምክንያቱ የኔ አተነፋፈስ መሆኑን እንዳይሰማ ከእትዬ ነጠላ ኋላ ተሸሸግሁ።

ያዳነን ስዊድናዊው ነው። አለቃዬ የሆነውን ሁሉ በስልክ ስትነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው አሉ። ሰውዬው የኡሜኦ ከተማ ሰው ነው፣ ሰሜን ስዊድን። እነሱም እዚያ አዎ ሲሉ ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ «ሹፕ»። እስከዛሬ ከኔ ጋር ሲያወራ ያልተቸገረው ለካ ለዚህ ነው። እኔማ ሰውዬው አማርኛ የለመደ መስሎኝ ነበር።

«እና ይሄ ሁሉ አዎ ማለት ነው እያልከኝ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ሹፕ።

ከሰዓት በኋላ ለሁላችንም ኢሜይል መጣ፦ በስልክ ስብሰባ ላይ ማንም ሰው የሚመልሰው በሚሰማ ድምፅ ብቻ ነው። ፍትሐዊ ነው፣ እኔም አልተከራከርኩም። ሕንዳዊው ግን ኢሜይሉን አንብቦ አንገቱን አወዛወዘ።

አሁን በደንብ ለምጄዋለሁ። «አዎ!» እላለሁ፣ ጥርት ያለ፣ ወታደር የመሰለ አዎ። ባለፈው እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ።

«ራት በላህ የኔ ልጅ?»

«አዎ!»

ዝም አለች።

«ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የምታመናጭቀኝ?»