አንዲት ሚስማር፣ አምስት ቦታ

ባለፈው እሁድ ደብተሬን ገልጬ ሁለት ቁጥር ሳስተያይ ብቻዬን ሳቅሁ። የአንዲት ሚስማርን መገኛ ደጋግሜ ለክቼ ከወር በፊት ያወጣሁት አማካይና የአሁኑ ልዩነታቸው 1.3 ሜትር ብቻ! በእጅ ከሚያዝ ጂፒኤስ ከዚህ በላይ አልጠብቅም። እዚህ ለመድረስ ግን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ግማሹም የገዛ ራሴ ጥፋት ነው።

ዕቃዬ ያገለገለ ጋርሚን ኢትሬክስ 20 ነው። በሁለት ድንጋይ ይሠራል። የገዛሁት የሰፈራችንን የውስጥ ለውስጥ መንገድና ቦኖዎቹን ካርታ ላይ ለማስገባት ነበር። የመጀመሪያው ጉድ ዳተም ነው፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮቹ የሚለኩበት መነሻ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አዲንዳን የሚባለው ዳተም ላይ ትቶታል፣ እኔም አላየሁም። አዲንዳን የድሮዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩበት ነው። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ይሠራል። ሁለቱን ካደባለቃችሁ እኛ አካባቢ፣ ሐዋሳ፣ 200 ሜትር ገደማ ትስታላችሁ፣ ያውም ወደ ደቡብ ምዕራብ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሜ የያዝኩትን ነጥብ ስልኬ ላይ ሳስገባው ውሃው ውስጥ ገባ። ዋና እንኳ አልችልም። እንዲህ ያለውን ስህተት መቶ ጊዜ አማካይ ብታወጡ አይለቅም፤ መጀመሪያ ሴቲንጉን እዩ።

አሁን ወደ ሚስማሯ። ግቢያችን ውስጥ ሲሚንቶው ላይ የተመታች ሚስማር አለች። መሞከሪያዬ እሷ ናት። በላይዋ ዱካ አስቀምጬ ጂፒኤሱን ዱካው ላይ አደርጋለሁ፣ ዌይፖይንት አቨሬጂንግ የሚለውን (የአንድን ነጥብ ንባቦች ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣውን) እከፍትና እርቃለሁ። መራቅ ያስፈልጋል፤ ላዩ ላይ ካጎነበሳችሁበት በገዛ ሰውነታችሁ ሰማዩን ትጋርዱበታላችሁ። መጀመሪያ ዝም ብዬ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ አስቀምጠው ነበር። ቁጥሩ ይረጋጋል፣ ሜትር እንኳ አይነቃነቅም፣ ደስ ይላል። በሌላ ቀን ስሞክር አራት ሜትር ፈቀቅ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሚስማሯ አምስት ቦታ ወጣች። አንደኛውን ጊዜስ ምክንያቱን አውቄዋለሁ። እህቴ ለቡና ዱካውን ስትፈልግ ጂፒኤሱን አንስታ መስኮት ላይ አስቀምጣው ነበር፣ እሱም ከቆርቆሮው ሥር ሆኖ ናሙናውን መቶ በመቶ ብሎ ጨርሷል። የቀሩት አራቱ ግን አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቶቹ ከእኛ አንጻር ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ሲግናሉ የላይኛውን ከባቢ አየር ሲያልፍ የሚዘገየው መዘግየት፣ ከጎረቤት ቆርቆሮና ግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ሲግናል፣ ይሄ ሁሉ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ በየሰከንዱ የሚመጡት ዘጠኝ መቶ ንባቦች ዘጠኝ መቶ ምስክር አይደሉም። አንዱን ሰው ዘጠኝ መቶ ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ቢዋሽም ያንኑ ይደግምላችኋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው 3 ሜትር የሚለውም የራሱ የመሣሪያው ግምት ነው፣ ቃል አልገባላችሁም።

እሺ፣ በተለያየ ቀን ልውሰድ አልኩ። ከሥራ ስመለስ፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሳምንቱን ሙሉ። ቁጥሮቹ እንዴት ተስማሙ መሰላችሁ! እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የወሰድኩት ብቻ አፈነገጠ። ምን አደረግኩ? ሰረዝኩት። በሚቀጥለው እሁድም አፈነገጠ፣ እሱንም ሰረዝኩት። አፍራለሁ ስናገረው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀደም እያሉ እዚያው ሰማይ ላይ ይመለሳሉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከሄድኩ ያንኑ አሰላለፍ ነው የማገኘው፤ ከቆርቆሮው የሚነጥረውም ያው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተስማማው ስህተቱ ነበር፣ እኔ ደግሞ አዲስ ነገር የነገረኝን ምስክር አባረርኩ።

የመሣሪያውን መመሪያ ያነበብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለአንድ ነጥብ ከአራት እስከ ስምንት ናሙና (ማለትም ልኬት) ውሰዱ፣ በመካከሉ ቢያንስ 90 ደቂቃ ቆዩ ይላል። በቃ፣ ተጽፏል። አሁን ጠዋት፣ ረፋድ፣ ማታ እያፈራረቅኩ ስምንት እወስዳለሁ። ደብተር ላይ የምጽፈው በዩቲኤም ነው፣ ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚገልጸው አሠራር፤ ሐዋሳ ዞን 37 ናት፤ ሜትር በሜትር ስለሆነ አማካይ ለማውጣት ይቀላል፣ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሴኮንድ ሞክሬ ስልሳውን ስሻገር ተሳስቻለሁ። በዲግሪ የምትጽፉ ከነጥብ በኋላ አምስት ቁጥር ይበቃል፣ አምስተኛው ራሱ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። ስምንት ዘጠኝ ቁጥር የሚደረድሩትን አልወድም።

አማካይ ማውጣት ጊዜው አልፎበታል የሚሉም አሉ። አሜሪካኖች ሆን ብለው ሲግናሉን ያዛቡ በነበረበት ዘመን ነበር የሚያስፈልገው፣ እሱም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ቀርቷል ይላሉ። መቅረቱ እውነት ነው። ሚስማሬን ግን ማን አንቀሳቀሳት? ልክነቱን በስልክ የሳተላይት ፎቶ የምታረጋግጡም ተዉት፣ ፎቶው ራሱ በሜትሮች ሊፈናቀል ይችላል።

የጎደለኝ የከሰዓት በኋላ ናሙና ነው። 8 ሰዓት አካባቢ የከባቢ አየሩ ጣጣ ይብሳል፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ እኛ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ እስካሁን ሁለት ብቻ ነው ያለኝ። ቅዳሜ ግን ታቦር ተራራ ላይ ወጥቼ፣ ቆርቆሮ በሌለበት፣ ሌላ ነጥብ ልጀምር ነው። ሐዋሳ ያላችሁ ብቅ በሉ። ድንጋይ ይዛችሁ ኑ እንጂ፣ የእኔን እህቴ ለሬዲዮኗ ወስዳዋለች።